ያኔ ምን ይጫወቱ ነበር?

በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የኢትዮጵያውያን የእሑድ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ! የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶችም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። በዕረፍት ቀናችሁ ከየቤታችሁ ወጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። አዘጋጆቹ «ስለ ሙዚቃ ሕይወትህ ንገረን» ብለው ሲጋብዙኝ አንድ ፈቃድ ጠየቅኋቸው። ስለ ሙዚቃ እናገራለሁ፤ ነገር ግን በስፖርት በኩል ልግባ አልኋቸው። ፈቀዱልኝ። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ስለማታውቁት አንድ ጨዋታና በዚያ ጨዋታ ሜዳ ላይ ስላገኘኋቸው የቀድሞ ሙዚቀኞች ነው።

ሦስት ነገሮችን አነሣለሁ። መጀመሪያ ጨዋታው ምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ ሜዳው ላይ የሰማኋቸውን የባንድ ታሪኮች አካፍላችኋለሁ። በመጨረሻም እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነውን እኛን የሚመለከት ጉዳይ አነሣለሁ። እዚያ ላይ ስደርስ ጠንከር ብዬ ልናገር እችላለሁና ከወዲሁ ይቅርታችሁን እጠይቃለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጨዋታው ዲስክ ጎልፍ ይባላል። እስቲ እጃችሁን አውጡ፤ ተጫውቶ የሚያውቅ አለ? አንድ... ሁለት... ሁለቱም ከኋላ ከወጣቶቹ ናቸው። ጥሩ፤ ለቀሪዎቻችን ላስረዳ።

ጎልፍን በቴሌቪዥን አይታችኋል። ኳስ በዱላ ይመታና ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። በዲስክ ጎልፍ ዱላም፣ ኳስም፣ ጉድጓድም የለም። በእጅ የሚወረወር ክብ ዝርግ ፕላስቲክ አለ። ልጆች መናፈሻ ውስጥ የሚወራወሩት ፍሪዝቢ ዓይነት ነው፤ ግን አነስ፣ ጠንከር ያለና ጠርዙ የሾለ ነው። በጉድጓዱ ፋንታ በብረት ምሰሶ ላይ የተገጠመ ቅርጫት ቆሟል፤ ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለቶች ዙሪያውን ተንጠልጥለዋል። ዲስኩ ሰንሰለቱን ይመታና ቅርጫቱ ውስጥ ይወድቃል። በጥቂት ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። አንድ ሜዳ አብዛኛውን ጊዜ አሥራ ስምንት ቅርጫት አለው። ዛፉ፣ ጅረቱ፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ሁሉ የጨዋታው አካል ነው። ብዙዎቹ ሜዳዎች የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ስለሆኑ ለመጫወት ክፍያ የላቸውም። ለመጀመር ሃያ ዶላር የማይሞላ አንድ ዲስክ ይበቃል።

ከየት መጣ ብትሉ፣ የሚወረወረውን ፕላስቲክ የሠራው ፍሬድ ሞሪሰን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ዋም-ኦ የተባለ የመጫወቻ ኩባንያ በ1957 ከእርሱ ተቀብሎ ለገበያ አቀረበው። ጨዋታውን ወግ ያስያዘው ግን በዚያው ኩባንያ ይሠራ የነበረ ኤድ ሄድሪክ የተባለ ሰው ነው። በ1975 ከሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ በላ ካኛዳ ፍሊንትሪጅ ባለው ኦክ ግሮቭ መናፈሻ ውስጥ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ አቋቋመ፤ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ የተጫዋቾቹን ማኅበር መሠረተ። ያን ጊዜ ዒላማው ባዶ ምሰሶ ነበር። «ነካ! አልነካም!» የሚል ክርክር ይነሣ ነበር። ሄድሪክ ከልጁ ጋር ሆኖ ሰንሰለትና ቅርጫት ያለውን ዒላማ ሠራ፤ በ1977ም የፈጠራ መብት አገኘበት። ከዚያ ወዲህ የሚከራከር የለም፤ ሰንሰለቱ ራሱ ይመሰክራል። ሄድሪክ በ2002 ሲያርፍ፣ ራሱ እንደተናዘዘው አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ ዲስክ ተሠራበት። ለእኛ ባህል እንግዳ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ይህን ስሰማ ሰውዬውን አከበርኩት። የሚወደውን ነገር እስከ መጨረሻው የወደደ ሰው ነው።

ሰንሰለቱ ይመሰክራል ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ፤ ጌተርስበርግ አጠገብ ባለው ሴኔካ ክሪክ መናፈሻ መጀመሪያ ጆሮዬን የያዘው ያ ድምፅ ነው። ዲስኩ መሐሉን ሲመታ ሰንሰለቶቹ ሁሉ አንድ ላይ ይጮኻሉ፤ ድምፁ ሙሉ ነው፣ አጭር ነው፣ ወዲያው ይቆማል። ጠርዙን ሲመታ ደግሞ አንድ ሁለቱ ብቻ ይንቃጨላሉ፤ ድምፁ ቀጭን ነው፣ ይጎተታል፤ ዲስኩም ተንሸራቶ መሬት ላይ ይወድቃል። ከዛፎቹ ጀርባ ሆኖ፣ ሳያይ፣ የሌላ ቡድን ሰው ማስገባቱንና መሳቱን በድምፁ ብቻ የሚለይ ሰው አለ። እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ልብ ብዬ ስከታተል አንድ ነገር ገረመኝ፤ አብዛኞቹ በአንድ ወቅት ባንድ ውስጥ የነበሩ ሆነው ተገኙ።

ለምን ይመስላችኋል? እኔ የራሴ መልስ አለኝ። ዲስክ በጉልበት አይሄድም። አዲስ ተጫዋች ባለ በሌለ ኃይሉ ይወረውርና ዲስኩ ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ተገልብጦ ይወድቃል። የሚያስኬደው ሽክርክሪቱና የሚለቀቅበት ቅጽበት ነው። ቅጽበቷን ቀድመህ ከለቀቅህ ወደ አንዱ ጎን፣ ዘግይተህ ከለቀቅህ ወደ ሌላው ጎን ይወስድብሃል። ዕድሜውን ሙሉ ምት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳል። ደግሞም ተራ የሚጠበቅበት ጨዋታ ነው። ሦስት ወይም አራት ሰው አብሮ ይሄዳል፤ አንዱ ሲወረውር ሌሎቹ ዝም ብለው ይቆማሉ። የሌላውን ተራ ማክበር ባንድ ውስጥ የኖረ ሰው የሚያውቀው ሥርዓት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን መንገዱ ነው። ከአንዱ ቅርጫት ወደ ሌላው ጎን ለጎን ሆኖ መሄድ አለ። አሥራ ስምንቱን ቅርጫት ለመጨረስ ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ ውስጥ ውርወራው ጥቂት ደቂቃ ነው፣ ሌላው ሁሉ እግር ጉዞ ነው። ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ የማያወጣውን ነገር ጎን ለጎን ሲሄድ ያወጣዋል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ማንም ትክ ብሎ አያየውም፤ ሲያሻው ዝም ይላል፣ ሲያሻው ይቀጥላል። እኛ ስንገናኝ እንዴት ነው? ቁጭ እንላለን። ቡና ይቀርባል፣ ፖለቲካ ይነሣል፣ ድምፅ ይጋላል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ከመካከላችን አንዱ የቀድሞ ሕይወቱን ቢያነሣ እንኳ ማን ይሰማዋል?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ ከሚሄዱት ሰዎች መካከል በዕድሜ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነበረ። የዋሽንግተን ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚያው ነው። ተራውን ሲጠብቅ ዲስኩን ከሆዱ ጋር አስደግፎ ጀርባውን በቀኝ እጁ ይመታዋል። ድምፁ እምብዛም አይሰማም። እኔ ግን እጁን አየሁት። የመዳፉ ሥር ያርፋል፣ ጣቶቹ ይከተላሉ፣ ከዚያ አንድ ጥፊ፣ ከዚያ እንደገና የመዳፉ ሥር። ወደሚቀጥለው ቅርጫት ስንጓዝ ጠጋ አልኩና «ባንድ ውስጥ ትጫወት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። ቆመ። «ማን ነገረህ?» አለኝ። «እጅህ» አልኩት።

ይህ ሰው በወጣትነቱ የጎ-ጎ ባንድ ውስጥ ኮንጋ የሚባለውን በእጅ የሚመታ ረጅም ከበሮ ይመታ ነበር። ጎ-ጎ የዚህች ከተማ የራሷ ሙዚቃ ነው። እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ እኛ ስደተኞቹ ግን ስንቶቻችን አዳምጠነዋል? በ1970ዎቹ በቸክ ብራውን ፊታውራሪነት የተስፋፋ ሙዚቃ ነው። ትልቁ ባሕርዩ አለመቆሙ ነው። አንዱ ዘፈን አልቆ ሌላው እስኪጀመር ኮንጋውና ከበሮው ምቱን ይዘው ይቀጥላሉ፤ ዘፋኙ ታዳሚውን ስም እየጠራ ያናግራል፣ ታዳሚው ይመልሳል፣ ጨፋሪው ከመድረክ አይወርድም። ቸክ ብራውን በ2012 አረፈ። በ2020 የዋሽንግተን ከተማ ጎ-ጎን ይፋዊ ሙዚቃዋ አድርጋ በሕግ ደነገገች።

ሰውዬው ጣቶቹን አሳየኝ። ኮንጋ የሚመታ ሰው ጣቱ እንዳይሰነጠቅ ፕላስተር ይጠቀልልበታል፤ እርሱም መገጣጠሚያዎቹ ላይ ፕላስተሩ ያረፈባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ እየነካ አመለከተኝ። እኔም ክር የሚስቡትን ሁለት ጣቶቼን አሳየሁት። ከዚያ ተራው የእኔ ሆነ፤ «አንተስ?» አለኝ።

ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ዘመኑን ኖራችሁበታል።

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል ይጫወት በነበረ ባንድ ቤዝ እጫወት ነበር። የቤዝ ክር ገበያ ላይ አይገኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለው ሰው ይለመናል፤ ከሌለ ያለውን ማደስ ነው። ክር ሲሰነብት ላቡና እድፉ ጥምጥሙ ውስጥ ይገባና ድምፁን ያፍነዋል። እኛ ምን እናደርግ ነበር? ክሩን ፈትተን በድስት እንቀቅለው ነበር። አዎን፣ እንቀቅለው ነበር! እናቴ አንድ የተበሳ ክዳን ያለው አሮጌ ድስት ለይታ ሰጥታኝ ነበር። ውኃው ሲፈላ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ይሄዳል፤ ላዩ ላይ የቅባት ዓይን ይንሳፈፋል። አራቱን ክሮች በሹካ አውጥቼ በጨርቅ አደርቅና መልሼ እወጥራቸዋለሁ። የዚያን ዕለት ማታ የታችኛውን ክር ስስበው ደረቴ ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለስበታል፤ እንደገና ድስት።

ሰዓት እላፊውን የምታስታውሱ አላችሁ? እኩለ ሌሊት ላይ መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ የሆቴሉ በር ከውስጥ ይቆለፋል፤ ታዳሚውም፣ አስተናጋጁም፣ ባንዱም እስኪነጋ እዚያው ነን። ማንም መውጣት አይችልም። ሰው ሲጨነቅ ደግሞ መጨፈር ይፈልጋል። ውጭ ያለውን ፍርሃት በሩ ላይ ጥለው የገቡ ሰዎች ፊት ቆሞ «ደከመኝ» ማለት አይቻልም። ችክችካው ከተነሣ አይቆምም። ሊነጋጋ ሲል ጭፈራው ይበርድና ሳክስፎኑ ወደ ትዝታ ቅኝት ይገባል፤ ያኔ አዳራሹ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው አይታጣም። ወንድሙ የታሰረበት አለ፣ ልጁ ግንባር የሄደበት አለ። አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ስለማታውቅ በቃል መናገር አደጋ ነበር፤ ማልቀስ ግን ይቻላል። እኛም እንጫወትላቸው ነበር።

ይህን ሁሉ ስነግረው የአውቶቡስ ሹፌሩ አንዴም አላቋረጠኝም። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ከበሮ መቺያችሁ ሲደክመው ምቱን ማን ይይዝ ነበር?» አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሰዎች «ከእገሌ ጋር ተጫውተሃል?» ይሉኛል። «እገሌን ታውቀዋለህ?» ይሉኛል። ሥራዬን የጠየቀኝ ግን አልነበረም። መልሱን እርሱ ያውቀዋል፤ የጠየቀኝ እኔ እንድናገረው ነው። «እኔ ነበርኩ የምይዘው» አልኩት። ከበሮ መቺያችን ላቡን ሊጠርግ ሲነሣ ኪቦርዱም ጊታሩም ዝም ይላሉ። ቤዝና የታዳሚው ጭብጨባ ብቻ ይቀራሉ። ጭብጨባው እየቸኮለ ይመጣል፤ ሕዝብ ሲያጨበጭብ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ቤዙ ነው ወደ ኋላ ጎትቶ የሚያስቀምጠው። ይህን ስነግረው ራሱን እየነቀነቀ «የኛም ሕዝብ ይቸኩላል» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወዳጄ ነው።

ሌላም አለች። የሒሳብ መምህርት ነበረች፤ አሁን ጡረታ ላይ ናት፤ ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር መሣሪያ ትጫወታለች። ብሉግራስ የሚባለውን የተራራማውን አገር ሙዚቃ ነው የምትጫወተው። ይህ አካባቢ ለዚያ ሙዚቃ ትልቅ ማዕከል እንደነበረ እኔ ከእርሷ ነው የሰማሁት። በ1971 እዚህ ጎረቤታችን ቤተዝዳ ውስጥ ዘ ሴልደም ሲን የሚባል ባንድ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበር፣ አንዱ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንዱ ካርታ ሠሪ፣ አንዱ ሥዕል ነዳፊ። ቀን ቀን ሥራቸው ላይ ይውላሉ፤ በሳምንት አንድ ምሽት ቨርጂኒያ ውስጥ በርችሚር በሚባለው አዳራሽ ይጫወታሉ። በሙዚቃው ዓለም አሉ ከሚባሉት ባንዶች አንዱ የሆነው እንዲህ እየተጫወቱ ነው። መምህርቷ ይህን የነገረችኝ እኔ «ሙዚቃ ትቻለሁ» ስላልኳት ነው። ለምን እንደተውኩ ጠየቀችኝ። «ሥራ ያዝኩ» አልኳት። መንገዱን ትታ ቆማ አየችኝ። ሥራ መያዝና ሙዚቃ መተው ለምን አንድ ነገር እንደሚሆን ፈጽሞ አልገባትም። እኔም ማስረዳት አቃተኝ። እናንተስ ታስረዱልኝ ይሆን? ስንቶቻችን ነን ይህችን ምክንያት ሰጥተን መሣሪያችንን አልጋ ሥር ያስገባነው?

ሁሉም ታሪክ ደስ የሚል አይደለም። የባንድ ጓደኛውን ቀብሮ ከዚያ በኋላ ጊታር ያልነካ ወጣት አለ። የቤት ኪራይ ለመክፈል መሣሪያውን የሸጠ አለ፤ ስለ መሣሪያው አናነሣበትም። የሚሄደው ዝም ብሎ ነው፤ እኛም ዝም ብለን አብረነው እንሄዳለን።

አሁን ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ።

ይህ የምንኖርበት አካባቢ፣ ዋሽንግተንና ዙሪያዋ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ ስንት የኢትዮጵያ ሙዚቀኛ የሰፈረበት ቦታ እንደሆነ እናውቃለን? ዋልያስ ባንድ በ1981 ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ ሲመጣ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚሁ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በአዲስ አበባ ሒልተን ስንቱን ሰው ያስጨፈረ የኪቦርድና የአኮርዲዮን ሰው፣ እዚህ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዞ፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ከኋላው ተቀምጠው የሄዱት መንገደኞች ማን እንደሚነዳቸው አላወቁም። እነርሱ ባያውቁ አልፈርድባቸውም። በ1985 እዚሁ ብቻውን ሆኖ የቀረጸውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አገኘው፤ ባለቤቱን ፈልጎ አነጋገረው፤ ሥራው በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም በዓለም መድረኮች ላይ ዳግም ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን! ግን ልጠይቃችሁ። ፈልጎ የጠየቀው ማን ነው? ካሴቱን እየሰማን ያደግነው እኛ ነን፤ የሚኖረውም ከእኛ መካከል ነበር። ፈልጎ የጠየቀው ግን ሌላ ሰው ነው።

ለምን አንጠይቅም? ለምንስ አንናገርም? ደፍሬ ልናገር። አንደኛው ምክንያት አሮጌ ንቀት ነው። «አዝማሪ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሰማ ትውልድ ነን። ልጁ ባንድ ገባ ሲባል ያለቀሰ አባት አለ። ንቀቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከእኛ ጋር መጥቷል፤ ሠርጋችንን የሚያደምቀውን ሰው እንወደዋለን፣ ልጃችንን ግን አንድርለትም። ሁለተኛው ፖለቲካ ነው። የቀበሌ ኪነት ቡድን ውስጥ የዘፈኑ አሉ፤ በጦር ሠራዊት ኦርኬስትራ፣ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገሉ አሉ። «ለደርግ ዘፍነሃል» እንዳይባሉ ዝም ብለዋል። እኔ በማንም ላይ ለመፍረድ አልመጣሁም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ቀበሌ ጠርቶት ክራር ቢመታ፣ ክራር መምታት የተማረው እዚያ ነው፤ ይህም ታሪክ ነው። ሦስተኛው፣ በእምነታቸው ምክንያት ዓለማዊ ሙዚቃን የተው ወንድሞችና እህቶች አሉ። ውሳኔያቸውን አከብራለሁ፤ ከልቤ አከብራለሁ። ተመልሰው እንዲጫወቱ አልጠይቅም። ያወቁትን እንዲነግሩን ብቻ ነው የምለምነው።

ምክንያቱም እነዚህ ሰዎች የያዙት እውቀት በሸክላና በካሴት ላይ የለም። በካሴቱ ላይ የድምፃዊው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ የቤዝ ተጫዋቹ፣ የከበሮ መቺው፣ የትራምፔት ነፊው ስም የለም። ልምምዱ የት ነበር? ማን አቀናበረው? ኖታ የሚያነብ ነበር ወይስ በጆሮ ነበር የተያዘው? ሲቀረጽ ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ በአንዴ ነበር የተጫወቱት? ይህን የሚያውቁት እነርሱ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

እናንተ ከኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው። አባትህን «ታዋቂ ነበርክ?» ብለህ አትጠይቀው። ይህ ጥያቄ በር ይዘጋል። «ያኔ ምን ይጫወቱ ነበር?» በለው። የመጀመሪያውን መሣሪያ ማን እንደገዛለት ጠይቀው። ከማን እንደተማረ፣ ማታ ሥራ ሲጀምሩ የሚከፍቱት በየትኛው ዜማ እንደነበረ፣ መብራት ሲጠፋ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ደመወዙን ማን ይከፍላቸው እንደነበር ጠይቀው። አክስትሽ ለድምፃውያን ተቀባይ ሆና ከኋላ ትቆም እንደነበር ታውቂያለሽ? ጠይቂያት። ስልካችሁን አውጡና ቅረጹ፤ ግን ጠረጴዛ ላይ ፊታቸው አታስቀምጡት፤ ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ አብራችኋቸው በእግር እየሄዳችሁ ቅረጹ። መሄዱ ይረዳል። ይህን ከሜዳው ነው የተማርኩት።

ፎቶግራፍ ያላችሁ፣ ከጀርባው በእርሳስ ስም ጻፉበት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ማን ምን እንደያዘ። ካሴት ያላችሁ፣ እባካችሁ ጋራዥና ጣራ ሥር አታስቀምጡት፤ የዚህ አገር የበጋ ሙቀት ቴፑን ያበላሸዋል። ለብዙ ዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ካለ ወዲያው ማጫወቻ ውስጥ አትክተቱት፤ መጀመሪያ በእጅ፣ በእርሳስ ቀስ አድርጋችሁ አጠንጥኑት፤ ተጣብቆ ከሆነ አታስገድዱት፤ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

በቃላት ብቻ እንዳልቀር አንድ ጥሪ አቀርባለሁ። የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሴኔካ ክሪክ መናፈሻ፣ የዲስክ ጎልፉ የመጀመሪያው መወርወሪያ ጋ እጠብቃችኋለሁ። ዲስክ እኔ ይዤ እመጣለሁ፤ ለሁሉም የሚበቃ አለኝ። መወርወር ግዴታ አይደለም፤ አብሮ መሄድ ብቻ ይበቃል። የሚታጠፉ ወንበሮችም መኪናዬ ውስጥ አሉ፤ እግራቸውን የሚያማቸው አባቶችና እናቶች ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ልጆቹ ተራ በተራ እየመጡ ይጠይቋቸዋል። ጠንከር ያለ ጫማ አድርጉ፤ ሣሩ ጠዋት እርጥብ ነው፤ ረጅም ካልሲ ልበሱ፣ መዥገር አለ። የአውቶቡስ ሹፌሩ ወዳጄ ኮንጋውን ይዞ እንደሚመጣ ቃል ገብቶልኛል። ቤዙን እኔ አመጣለሁ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

አሁን የጥያቄ ሰዓት ነው። አዘጋጆቹ ማይክራፎኑን ይዘው እንዲዞሩ ጠይቄ ነበር። ከፍቃዳችሁ ጋር ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ፊተኛው ወንበር ይሂድልኝ። እዚያ የተቀመጡት አባታችን ወጣት ሳሉ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ከመግባታችን በፊት ፈቃዳቸውን ጠይቄ እሺ ብለውኛል። ለብዙ ዓመታት በዚህ አዳራሽ አብረናቸው ተቀምጠናል፤ እስከ ዛሬ የጠየቃቸው የለም። የመጀመሪያውን ጥያቄ እኔ ልጠይቅ።

ጋሼ፣ አይነሡ፣ እዚያው ተቀምጠው ይናገሩ፤ ትራምፔቱን መጀመሪያ ያስያዘዎት ማን ነው? ወደ ከንፈርዎ ሲያስጠጉትስ ምን አለዎት?